የወልደጻድቅ አሥራ ዘጠኝ በልጎች

ድሬዳዋ ዝናብ የሚናፍቅ ሰው አጥታ አታውቅም። ዝናብ እየለካ ደመወዝ የሚበላ ግን በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ወልደጻድቅ ነው። ከዚራ በተባለው ሰፈር ውስጥ፣ የመንገድ ዳር ዛፎች በሚፈሉበት የችግኝ ጣቢያ፣ ገላጣው ቦታ ላይ አንድ የቆርቆሮ ዝናብ መለኪያ ቆሟል። አጠገቡ ነጭ የተቀባች ባለ አራት እግር የእንጨት ሳጥን አለች፤ በውስጧ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። ወልደጻድቅ በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮቱን ቆልፎ ይሄድና የቆርቆሮውን ውሃ በብርጭቆ መስፈሪያ ቀድቶ ያነባል፤ ሳጥኗን ከፍቶ ሙቀቱን ያያል፤ ሁለቱንም መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በዚያ አገር ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን የሚጻፈው ዜሮ ነው። ዜሮ ለመጻፍ በዚያ ሙቀት ኮት የሚቆልፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንግዲህ እናንተው አስቡት።

ከቡልጋ የመጣው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሐዲድ የሚጠግን አጎቱን ተከትሎ። ችግኝ ጣቢያው የገባው ውሃ ሊያጠጣ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ሙሴ አንቷን የሚባሉ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብና ሙቀት እየለኩ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ቁጥር ሲያይ ዓይኑ እንደሚበራ አዩና ከመስኖው አንስተው ብዕር አስያዙት። በ1949 ጡረታ ወጥተው ወደ ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር ሲሳፈሩም የብርጭቆ መስፈሪያዋን በመሐረብ ጠቅልለው በመስኮት አቀበሉት። ወልደጻድቅ ያን ቀን አለቀሰ፤ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግን መለኪያው ዘንድ ተገኘ። በዓመቱ ሚስቱ ስትሞትበትና አሥር ዓመት የሞላት ልጁ ተሻለች እጁ ላይ ስትቀርም አንድ ቀን አላጓደለም። ሦስት ሰዓት ላይ ልጅቱን በአንድ እጁ፣ መስፈሪያዋን በሌላው ይዞ ይታያል።

እንዲህ ያለ ሰው በከተማው መከበሩ አይቀርም፤ መቀለጃ መሆኑም አይቀርም። "አቶ ሚሊሜትር" ይሉታል። በየዓመቱ መጋቢት ሊያልቅ ሲል መጋላ ሰፈር ከሚገኘው የዳሂር መጋዘን በረንዳ ላይ ሰው ይሰበሰባል። ዳሂር ሦስት የጭነት መኪና ያለው ሶማሌ ነጋዴና የወልደጻድቅ የልብ ወዳጅ ነው። ሻይ ይቀርባል፤ የሚቅሙት ይቅማሉ፤ ከመሃል አንዱ "እሺ፣ ዘንድሮስ?" ይላል። ወልደጻድቅ አይቸኩልም። ጉሮሮውን ይጠርግና የካቲትና መጋቢት ከስንት ዓመቱ ልማድ ጋር ሲተያዩ ምን እንደሚመስሉ ያስረዳል። "ከልማዱ በላይ" ካለ ከብት የሚገዛ ይገዛል፤ "ከልማዱ በታች" ካለ የሚሸጥ ይሸጣል። እሱ መዝገቡ ይህን ያህል ዘመን አለው ማለት ሲጀምር ድምፁ ሳይቀር ይወፍር ነበር።

ይህን ሁሉ ትምክህት የሰጠው አንድ ሠንጠረዥ ነው። ሙሴ አንቷን የጻፉት የአሥር ዓመት መዝገብ በፈረንሳይኛ ነበር። ወልደጻድቅ ሥራውን በተረከበ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና የሹመቱ ትኩሳት ሳይበርድለት፣ ያን ሁሉ ወደ አማርኛ ገለበጠው። ማርስ መጋቢት ነው፤ አቭሪል ሚያዝያ ነው፤ ይህን ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንዱን ለአንድ፣ ሁለቱን ለሁለት እያደረገ ቀኑን ከቀኑ ጋር አጋጠመ። ፈረንጆቹ ወራቸውን አንዳንዴ ሠላሳ አንድ ያደርጉታል፤ እነዚያን ትርፍ ቀኖች ቢሰበስባቸው ሰባት ሆኑ። ፌቭሪዬ ደግሞ ሃያ ስምንት ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ለሱ መሙያ ሰጠ። የቀሩት አምስት ናቸው፤ አምስት ማለት ደግሞ ጳጉሜ ነው። ጠቅላላ ድምሩ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ልክ መጣ። አንዲት ቀን አልተረፈችም፤ አንዲት ቀን አልጎደለችም። ወልደጻድቅ በደስታ ጠረጴዛውን መታ። ሒሳብ ልክ ሲመጣ ሰው ሁለተኛ አይመለከተውም፤ እሱም ያን መዝገብ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልከፈተውም።

በ1958 ተሻለች ታጨች። እጮኛዋ ሀብተ ማርያም ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ በኩል የሚኖር የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የባቡር ነጂ ባል ሞቶባቸው አራት ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሲናገሩ የሚያጎነብሱለት ሰው የሌላቸው ሴት ናቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ችግሩ የዳስ ቦታ ነው። የወለተ ጊዮርጊስ ግቢ ጠባብ ነው፤ የወልደጻድቅ ቤት ደግሞ ከችግኝ መደብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንግዳ ከገባበት ችግኝ አይተርፍም። ሁለት ዳስ እንዳይጥሉ አቅም የለም። ያኔ ነው ወልደጻድቅ መፍትሔ ያመጣው፤ ዳሱ ከሁለቱ ቤት መሃል፣ ከደቻቱ አሸዋ ላይ ይተከል አለ።

ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ ወንዝ ነው። በደረቁ ጊዜ ገበያ ይቆምበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከከዚራ ወደ መጋላ ሰውና አህያ ይሻገሩበታል። ሲሞላ ግን አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ወለተ ጊዮርጊስ ሐሳቡን ሲሰሙ ሰውየው አብዷል አሉ። ወልደጻድቅ ሠንጠረዡን ይዞ ቤታቸው ሄደ። ከፋሲካ በኋላ የነበሩት ሁለት እሑዶች ሚያዝያ ዘጠኝና ሚያዝያ አሥራ ስድስት ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ዘንቧል። ሚያዝያ አሥራ ስድስት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ሚሊሜትር፣ አቧራ እንኳ የማያስተኛ። በዚያ ላይ ዘንድሮ ደረቅ ዓመት ነው፤ የካቲት ዜሮ፣ መጋቢት ደግሞ ከልማዱ ስልሳ አራት ሚሊሜትር አሥራ አንዷን ብቻ ይዞ ወጥቷል፤ ሙቀቱም ከልማዱ በሁለት ዲግሪ ይበልጣል። ወለተ ጊዮርጊስ ማንበብ ቢችሉም ሠንጠረዡን አላነበቡም፤ የሰውየውን ፊት ነው ያነበቡት። ይሁን አሉ።

ያልተስማማች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ቢሻሮ ከደንገጎ ተራራ ግርጌ በየጠዋቱ የግመል ወተት በአህያ ጭና ትመጣለች፤ በችግኝ ጣቢያው በር ስታልፍ ከወልደጻድቅ ጋር ሳትነካካ አታልፍም። "አባ ቆርቆሮ" ነው የምትለው። የዳሱን ወሬ ሰምታ አህያዋን አቆመች። የሱ ቆርቆሮ የሚያውቀው የሱን ግቢ ብቻ መሆኑን፣ ደቻቱ ግን የሚመጣው ከላይ፣ ከነሱ ተራራ መሆኑን ነገረችው። እሱም ፈገግ ብሎ የሰው ወሬ የሚጻፍበት ዓምድ መዝገቡ ላይ እንደሌለ መለሰላት። እሷም ወተቷን አሳይታው ሳትቀዳለት ሄደች።

ሐሙስ ሚያዝያ ስድስት ቀን የሠርጉ መጥሪያ ወረቀት ከማተሚያ ቤት መጣ። ጎረቤቶቻቸው ግሪክም አርመንም ስለነበሩ ወረቀቱ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ፈረንሳይኛ ሆኖ የታተመ ነው። በግራ በኩል እሑድ ሚያዝያ 16 ይላል። በቀኝ በኩል እሑድ 24 አቭሪል ይላል። ወልደጻድቅ አየና ደሙ ፈላ። መቶ ሃምሳ ወረቀት አበላሽቶበታል! ወረቀቱን ጨብጦ ማተሚያ ቤት ድረስ በፀሐይ ሄደና አታሚውን ሃያ አራት ከየት አመጣህ ብሎ አፋጠጠው። አታሚው በትዕግሥት ከግድግዳው ላይ ሁለቱንም ዘመን ጎን ለጎን የያዘውን የቀን መቁጠሪያ አውርዶ በጣቱ አሳየው። ሚያዝያ አሥራ ስድስት፤ አቭሪል ሃያ አራት። ከጥንትም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ወልደጻድቅ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የፈረንጅ ገና ከኛ ገና እንደሚቀድም ድሬዳዋ ውስጥ ሕፃን ያውቃል፤ እሱም የባቡሩን የጉዞ ሰሌዳ በሁለቱም ቀን ሲያነብ ነው የኖረው። ግን የሚያውቁት ነገር ሁሉ በሚፈልጉት ሰዓት አጠገብ አይገኝም። ያን ጊዜ በደስታ ጠረጴዛ ሲመታ ዕውቀቱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። አሁን ከማተሚያ ቤቱ በር ላይ ላብ አጠመቀው።

ቤቱ ገብቶ የሙሴ አንቷንን አሮጌ መዝገብ አቧራውን አራግፎ ከፈተ። የሳቸው አቭሪል አሥራ ስድስት ማለት የኛ ሚያዝያ ስምንት ነው። የኛ ሚያዝያ አሥራ ስድስት እሳቸው ዘንድ አቭሪል ሃያ አራት ላይ ነው ያለው። ገጹን በየዓመቱ ፈለገ። ከአሥሩ ዓመት ስድስቱ ዘንቧል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከአርባ ሚሊሜትር በላይ። በሽማግሌው ያማረ ጽሕፈት ከአንደኛው አጠገብ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ ጎርፍ ማለት ናት። እሱ ራሱ በኋላ ከጻፋት ከአንዷ ጋር ሲደመር አንድ የነበረው ሰባት ሆነ። ደረቅ ብሎ የመረጠው ቀን ከወሩ እርጥቦች አንዱ ነው።

ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለው። ስህተቱን የሚያውቅ ከሱ ሌላ ሰው የለም። ዓመቱ እንደሆነ ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና አትታይም፤ ዝም ቢል ምናልባት ምንም አይመጣም ይሆናል። ቢናገር ግን ለዘጠኝ ዓመት በዳሂር በረንዳ ላይ ሲያወራ የኖረው "ከልማዱ በላይ"፣ "ከልማዱ በታች" ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዜሮ ሊጽፍ ሲሄድ ከአጥሩ በላይ ወደ ደቻቱ ተመለከተ። ሰዎች ለዳሱ አራት ምሰሶ ተክለው ጨርሰዋል፤ ተሻለች ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ከመሃላቸው ቆማ የሙሽራ ወንበር የሚቀመጥበትን ቦታ በእግሯ አሸዋው ላይ ትሥላለች። ትስቃለችም።

በዚያች ቅጽበት ጉዳዩ አለቀ። ወልደጻድቅ ልጁን ጠርቶ ሁሉንም ነገራት። እሷ አሮጌውንና አዲሱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግታ ረጅም ጊዜ ከተመለከተች በኋላ "አባባ፣ የፈረንጅ ሠላሳ አንዶችን ሰብስበው ጳጉሜ ሠሩ?" አለችው። አዎን አላት። ያን ያህል ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ሳቋ ሲያልቅ ግን ኮቱን አቀበለችውና የዳሂር በረንዳ ሰው ሳይበተን አሁኑኑ ይሂድ አለችው።

የዳሂር በረንዳ ላይ ያን ቀን ወለተ ጊዮርጊስም ነበሩ፤ ለዳሱ ሸራ ሊዋሱ መጥተው። ወልደጻድቅ አልተቀመጠም።

"የመጀመሪያው አሥር ዓመት ሚያዝያ የኛ ሚያዝያ አይደለም" አለ። "የፈረንጅ ነው። ስምንት ቀን ወደፊት ገፍቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ዳሱን አሸዋው ላይ አትጣሉ።"

ከዚያ ስለ ሠላሳ አንዶቹና ስለ ጳጉሜ ሲያስረዳ በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለ፤ ሌላው ይሄኛው ከጳጉሜም የባሰ ጉድ ነው አለ። ባለፈው ዓመት በሱ ቃል አሥር በግ የሸጠ ሰውዬ የሸጠሁት በኛ በልግ ነው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ጠየቀው። ወልደጻድቅ ሁሉንም ቆሞ ተቀበለ። ያልሳቁት ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው።

"አቶ ወልደጻድቅ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሰው ጉድለቱን የሚናገረው ከሠርግ በኋላ ነው። ከሠርግ በፊት ሲናገር ያየሁት እርስዎን ነው።" ይህን ብለው ወደ ዳሂር ዞሩና ሸራው ይቅር፣ ሌላ ቦታ ካለህ ንገረን አሉት።

ዳሂር መጋዘኑን በእጁ አሳየ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ የተሠራ ሰፊ ቤት ነው። "አቦ ወልዴ፣ ዕቃው ይወጣል፣ ሙሽራዋ ትገባለች" አለው። "ደግሞ እኛ ዘንድ በሠርግ ቀን ከዘነበ በርዋቆ ነው የሚባለው፣ በረከት ማለት ነው። ዋላሂ አንተ ብቻ ነህ የምትፈራው።"

እሑድ ሚያዝያ አሥራ ስድስት ቀን ፀሐይ እንደ ወትሮው ወጣች፤ ሰማዩ የታጠበ ሳህን መሰለ። ወልደጻድቅ ለሠርጉ ያሰፋውን ሱፍ ለብሶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን አንብቦ ደቻቱን ተሻገረ። እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ደረሰ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት መቶ ሰው ታጭቆ ላቡን ይጠርጋል። ከበሮው ሲያርፍ ሁሉም አንገቱን ወደ በሩ እያወጣ ሰማይ ያያል፤ ከዚያ ወልደጻድቅን ያያል። ጃንጥላ ይዘህ መጣህ ወይ ይሉታል። አሸዋው ላይ ብንሆን ነፋስ እናገኝ ነበር ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ሰውየው በልጁ ሠርግ ላይ ዝናብ መመኘት ነውር መሆኑን እያወቀ፣ ትንሽ፣ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ እንኳ ብትጥል ብሎ በልቡ ሳይመኝ አልቀረም። ተሻለች ከሙሽራው ጎን ተቀምጣ አየችውና አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

አሥር ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይዋ እንዳለች፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ከላይ በኩል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ባቡር የመሰላቸው ነበሩ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ባቡር እንደሌለ ያወቁት ከበሮውን አቆሙ። ከዚያ ሁሉም እየተጋፋ ወጥቶ ከዳር ቆመ። ደቻቱ መጣ። ቡናማ ውሃ ግንድና ቁጥቋጦ ከፊቱ እየገፋ፣ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወረደ። ሳይነቀሉ የቀሩትን አራት የዳስ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ሲያነሳቸው ሁሉም አየ። የሙሽራ ወንበር ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ መጀመሪያ ነው የሄደው። ሁለት መቶ ሰው እያንዳንዱ በልቡ ከዚያ ከምሰሶዎቹ መሃል የነበረውን የራሱን መቀመጫ ፈለገ። ወለተ ጊዮርጊስ የወልደጻድቅን ክንድ ይዘው "ሳይደግስ አይጣላም" አሉት በዝግታ፣ እጃቸውንም ቶሎ አልለቀቁም።

እልልታውን መጀመሪያ ያሰማችው ተሻለች ራሷ ናት ይባላል፤ ሙሽራ እልል አትልም፣ እሷ ግን አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠርግ ድሬዳዋ እስካሁን ታወራዋለች። ከከዚራ የመጣው እንግዳ በሙሉ ወንዙ እስኪጎድል መመለሻ አጥቶ እዚያው ቀረ፤ መመለሻ ያጣ ሰው ደግሞ መጨፈር እንጂ ምን ያደርጋል። ዳሂር በርዋቆ አላልኳችሁም እያለ በየጠረጴዛው ዞረ።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወልደጻድቅ መለኪያው ዘንድ ሄደ። ቆርቆሮው አጥንት የመሰለ ደረቅ ነው። መስፈሪያዋን ይዞ ቆሞ ቀረ። ስህተቱን አርሞ ትክክለኛውን ሠንጠረዥ ቢይዝ ኖሮ እንኳ ያን ቀን መዝገቡ የሚጽፈው ዜሮ ነው። በአሥራ ዘጠኝ በልግ ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ዜሮ እንደተጻፈ አሰበና አፈረ። አህያዋን እየነዳች ቢሻሮ በበሩ ደረሰች። አጥር ድረስ ሄዶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትናንት ላይ በኩል ዘንቦ እንደሆነ ጠየቃት።

"ከስድስት ሰዓት ጀምሮ" አለችው። "ፍየሎቼ ዋሻ ገብተው ነው የዋሉት። ቆርቆሮህ አልነገረህም?"

አልነገረኝም አላት። ያን ሳምንት በመዝገቡ ቀኝ ጠርዝ ላይ በማስመሪያ አዲስ ዓምድ አሰመረ፤ ከላዩ "ቢሻሮ" ብሎ ጻፈበት። የመጀመሪያው መስመር "ሚያዝያ 16፣ 0.0" ይላል፤ ከጎኑ "ላይ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ዘንቧል፤ ደቻቱ መጣ" ይላል። ቢሻሮ ስሜ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ አለችው፤ አሳያት፤ በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን ትቀዳለታለች።

ክረምቱን ሙሉ ከተሻለች ጋር የአሥሩን ዓመት መዝገብ ስምንት ቀን እየጎተተ ወደ ቦታው መለሰው፤ ጳጉሜም የራሷን ቀኖች አገኘች። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ሊያልቅ ሲል ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው በዳሂር በረንዳ ተሰበሰቡ። ይቀልዱበታል እንጂ ሊሰሙት መምጣታቸውን አልተዉም። አንዱ "እሺ፣ ዘንድሮስ?" አለ።

ወልደጻድቅ ኮቱን ቆልፎ ወደ ደንገጎ መንገድ ተመለከተ።

"ትንሽ ቆዩ" አላቸው፤ "ቢሻሮ ገና አልመጣችም።"